ጉንፔይ ዮኮይ እና በእጅ የሚያዘው የጨዋታ መሣሪያ

አንድ መሣሪያ በገበያ ላይ ተወዳጅነትን የሚያገኘው በውስጡ በሚገኙት ክፍሎች ብርታት ነው ብሎ ማሰብ ለመሐንዲስ የተለመደ ነው። ፈጣኑ ከዘገምተኛው፣ ባለ ቀለሙ ቀለም ከሌለው፣ አዲሱ ከነባሩ ይበልጣል ብለን እንነሣለን፤ የምናዘጋጃቸው የማነጻጸሪያ ሠንጠረዦችም የሚሞሉት በዚሁ መንፈስ ነው። በእጅ የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ መሣሪያ ታሪክ ግን ይህን እምነት በብርቱ የሚፈትን ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከዚህ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥ የተሸጠው ጌም ቦይ፣ በወጣበት ዘመን ከነበሩት ዋና ዋና ተወዳዳሪዎቹ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ደካማ ስክሪን የነበረው መሣሪያ ነው። ይህም በአጋጣሚ የደረሰ ሳይሆን፣ ጉንፔይ ዮኮይ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ በብዙ ዓመታት ሥራ ያዳበሩት አስተሳሰብ ውጤት ነበር። የእኒህ ሰው ሕይወት ስለ ጨዋታ ዕቃ ብቻ ሳይሆን መሐንዲስ ስለሚያደርገው ምርጫም የሚያስተምረው ቁም ነገር ስላለ፣ በዚህ ጽሑፍ ድላቸውንም ውድቀታቸውንም አብረን እንመለከታለን። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የካርታ ፋብሪካው ጠጋኝ

ዮኮይ የተወለዱት በ1941 በጥንታዊቱ የኪዮቶ ከተማ ነው። በዚያው ከተማ በሚገኘው የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተምረው ሲመረቁ ከታላላቆቹ የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ዘንድ ሥራ ስላላገኙ፣ በ1965 እዚያው ኪዮቶ ውስጥ በሚገኘው ኒንቴንዶ በተባለው ኩባንያ ተቀጠሩ። ኒንቴንዶ በ1889 የተመሠረተ፣ ሐናፉዳ የሚባለውን የአበባ ሥዕል ያለበት የጃፓን መጫወቻ ካርታ በማምረት የታወቀ ድርጅት ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤሌክትሮኒክስ ጋር የሚያገናኘው ነገር እምብዛም ስላልነበረ፣ የወጣቱ ሥራ ካርታ የሚያመርቱትን መኪናዎች እየተዘዋወሩ መመርመርና መጠገን ሆነ።

መኪናዎቹ ሳይበላሹ በዋሉ ቀን ጠጋኙ ሥራ ፈት ይሆናል። ዮኮይ በዚህ ትርፍ ጊዜ ለራሳቸው መዝናኛ አንድ ዕቃ ሠሩ፤ ይኸውም እንደ መቀስ የተጠላለፉ ክንዶች ያሉት፣ መያዣው ሲጨበጥ ወደ ፊት ተዘርግቶ ከራቅ ያለ ቦታ ዕቃ የሚያነሣ ሰው ሠራሽ እጅ ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኙ ይህን ተመለከቱ። ተግሣጽ በሚጠበቅበት ቦታ ያልተጠበቀ ትእዛዝ ተሰጠ፤ ዮኮይ ዕቃውን ለገበያ እንዲያዘጋጁት ታዘዙ። አልትራ ሃንድ በሚል ስም በ1966 የወጣው ይህ መጫወቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የጥገና ሠራተኛውም ከዚያ በኋላ የአዳዲስ ዕቃዎች ፈጣሪ ሆኑ።

ከዚያ ቀጥሎ የሠሯቸው ዕቃዎች የአስተሳሰባቸውን መንገድ በግልጽ ያሳያሉ። በ1969 የወጣው ላቭ ቴስተር ሁለት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በሌላ እጃቸው የመሣሪያውን መጨበጫዎች ይዘው የፍቅራቸውን መጠን የሚያነቡበት መጫወቻ ነበር። በውስጡ የነበረው በሰውነት ውስጥ የሚያልፈውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለካ መለኪያ ብቻ ነው። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ተማሪ በቤተ ሙከራ የሚያውቀው ይህ መለኪያ፣ በዮኮይ እጅ ሁለት ወጣቶች ሳያፍሩ እጅ ለእጅ የሚያያዙበት ምክንያት ሆነ። በ1970 ደግሞ ከሻርፕ ኩባንያ ይመጡ ከነበሩት ከመሐንዲስ ማሳዩኪ ኡኤሙራ ጋር በመተባበር፣ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የተሠራውን ሴል የመጫወቻ ጠመንጃ ዒላማ አደረጉት። ሌሎች የኀይል ምንጭ ብለው የሚያውቁት ክፍል፣ ከጠመንጃው የሚወጣውን ብርሃን የሚቀበል ዒላማ ሆኖ አገልግሏል።

ዮኮይ ይህን አሠራር ወደ ኋላ ላይ የበሰለ ቴክኒክን ወደ ጎን አሻግሮ ማሰብ ሲሉ ሰይመውታል። ለበሰለ ቴክኒክ የተጠቀሙበት የጃፓንኛ ቃል ለደረቀ ተክል የሚነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ሊሉት የፈለጉት ያረጀና ያፈጀ ማለት አይደለም። አንድ ክፍል በብዛት ከተመረተ፣ ዋጋው ከወረደና የብልሽቱ ጠባይ ተለይቶ ከታወቀ በኋላ፣ ካልታሰበለት አገልግሎት ላይ ማዋል ማለታቸው ነው። አዲስ ቴክኒክ ውድ ነው፤ ጉድለቱም ገና አልታወቀም። የበሰለው ግን ርካሽና አስተማማኝ ስለሆነ፣ መሐንዲሱ ድካሙን ሁሉ በአጠቃቀሙ ላይ ለማዋል ይችላል።

ከካልኩሌተር የተወለደው ጨዋታ

በ1970ዎቹ ዓመታት የጃፓን ኩባንያዎች፣ በተለይም ሻርፕና ካሲዮ፣ በኪስ ካልኩሌተር ገበያ ላይ ብርቱ ፉክክር አደረጉ። በዚህም የተነሣ የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪንና አነስተኛ ማይክሮፕሮሰሰር ዋጋቸው በፍጥነት ወረደ። ዮኮይ አንድ ቀን በሺንካንሰን ፈጣን ባቡር ሲጓዙ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው በጉዞው ተሰላችቶ የካልኩሌተሩን ቁልፎች እየተጫነ ጊዜ ሲያሳልፍ አዩ። አዋቂ ሰው በሰው ፊት ሳያፍር ሊጫወትበት የሚችል ትንሽ ዕቃ ቢኖር እንደሚሸጥ ያሰቡት በዚህ ጊዜ ነው።

ሐሳቡ ወደ ሥራ የገባበት ሁኔታም የሚያስገርም ነው። የፕሬዚዳንቱ ሾፌር ባልነበረበት ቀን ዮኮይ መኪናውን እንዲነዱ ታዘው፣ በመንገድ ላይ ሐሳባቸውን ለያማውቺ ነገሯቸው። ያማውቺ ብዙም ያዳመጡ አይመስሉም ነበር፤ ነገር ግን በሄዱበት ስብሰባ የተቀመጡት ከሻርፕ ፕሬዚዳንት ጎን ስለ ነበር ጉዳዩን አነሡላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ የሻርፕ ኃላፊዎች ኒንቴንዶ ድረስ መጡ።

ጌም ኤንድ ዎች የተባለው ተከታታይ ምርት በኤፕሪል 1980 ሲጀመር፣ በእያንዳንዱ መሣሪያ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበረበት። ሥዕሎቹ እንደ ካልኩሌተር አኃዞች አስቀድመው በስክሪኑ ላይ ተቀርጸው፣ በየተራ እየበሩ እንቅስቃሴ የሚያስመስሉ ነበሩ። ጨዋታው በማይኖርበት ጊዜ መሣሪያው ሰዓት ስለሚያሳይ፣ በጠረጴዛ ላይም ሆነ በኪስ ውስጥ ለመገኘት ሁለተኛ ምክንያት ነበረው። ምርቱ በ1991 እስኪቆም ድረስ 43.4 ሚሊዮን ያህል ተሸጧል።

ከዚህ ተከታታይ ምርት ውስጥ ለዓለም የቀረ አንድ የንድፍ ሥራ አለ። በ1982 ዶንኪ ኮንግ የተባለውን ጨዋታ በሚታጠፍ ቀጭን ሣጥን ውስጥ ማስገባት ባስፈለገ ጊዜ፣ በትልልቆቹ የጨዋታ መኪናዎች ላይ የሚገኘው የሚወዛወዝ ዘንግ ለዚህ አልተመቸም፤ ሣጥኑ ሲዘጋ ይነካል፣ በኪስም ውስጥ ይሰበራል። አራት የተለያዩ ቁልፎችን መደርደር ደግሞ ተጫዋቹ ዓይኑን ከስክሪኑ እንዲያነሣ ያስገድዳል። ዮኮይ አራቱን አቅጣጫዎች በአንድ የመስቀል ቅርጽ ባለው ቁልፍ ላይ አዋሐዷቸው። አውራ ጣት የቁልፉን ጠርዞች በመዳሰስ ብቻ አቅጣጫውን ስለሚያውቅ ማየት አያስፈልገውም። ይህ ቁልፍ በመላው ዓለም በሚገኙ የጨዋታ መሣሪያዎች ላይ እስከ ዛሬ ይገኛል።

ጌም ቦይ

በ1979 ሚልተን ብራድሌይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ማይክሮቪዥን በሚል ስም፣ ካሴቱ እየተነቀለ የሚለዋወጥ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ ለገበያ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ ቀደምት ቢሆንም፣ ስክሪኑ በአግድምና በቁመት 16 ነጥቦች ብቻ ስለ ነበሩት በቂ ጨዋታ ሊያሳይ አልቻለም። የዮኮይ ክፍል የዚህን ዓይነት መሣሪያ ለመሥራት የተነሣው ቴክኒኩ በበሰለበት በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው።

ሥራው የአንድ ሰው ብቻ እንዳልነበረ መናገር ይገባል። የቅርብ ረዳታቸው የነበሩት መሐንዲስ ሳቶሩ ኦካዳ ከጊዜ በኋላ እንደገለጹት፣ ዮኮይ በመጀመሪያ ያሰቡት ወደ ጌም ኤንድ ዎች የቀረበ ቀላል ዕቃ ሲሆን፣ ጨዋታው የሚለዋወጥና ለብዙ ዓመታት የሚያገለግል መሣሪያ እንዲሆን አጥብቀው የተከራከሩት ኦካዳ ናቸው። ስለዚህ ጌም ቦይ የሁለት አመለካከቶች ልጅ ነው፤ ቁጠባው የዮኮይ፣ ስፋቱ የኦካዳ።

በሥራው መካከል ከባድ ችግር አጋጠመ። መጀመሪያ የተመረጠው የስክሪን ዓይነት ከፊት ለፊት ካልሆነ በቀር በደንብ የማይታይ ሆነ። ፕሬዚዳንቱ ናሙናውን ይዘው ሲመለከቱ ይህ አይታይም፣ አይሸጥም በማለት ሥራው ሊቆም ደረሰ። ዮኮይ ከብዙ ጭንቀት በኋላ ከሰፋ አቅጣጫ ሊታይ የሚችል ሌላ የፈሳሽ ክሪስታል ዓይነት በመተካት ሥራውን አዳኑት። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ርካሽ ነገር መምረጥ ወሰን እንዳለው ነው። ቀለም መቅረቱን ተጫዋቹ ይታገሣል፤ ጭራሽ አለማየትን ግን አይታገሥም።

ጌም ቦይ ኤፕሪል 21 ቀን 1989 በጃፓን በ12,500 የን ወጣ። ባለ 8 ቢት ማይክሮፕሮሰሰሩ ለዘመኑ አዲስ አልነበረም። ስክሪኑ በአግድም 160፣ በቁመት 144 ነጥቦች ያሉት፣ አራት የግራጫና አረንጓዴ ድምቀቶችን ብቻ የሚያሳይ፣ የራሱም ብርሃን የሌለው ነበር። በዚያው ዓመት አታሪ ኩባንያ ሊንክስን፣ በ1990 ደግሞ ሴጋ ጌም ጊርን፣ ኤንኢሲም የራሱን መሣሪያ አወጡ። ሦስቱም ባለ ቀለም ስክሪንና የጀርባ ብርሃን ነበራቸው፤ በሠንጠረዥ ቢነጻጸሩ ጌም ቦይን በሁሉም ረድፍ የሚያሸንፉ ይመስሉ ነበር።

ነገር ግን በሠንጠረዡ ላይ የማይጻፉ ረድፎችም አሉ። በአሜሪካ ጌም ቦይ 90 ዶላር ያህል ሲሸጥ፣ ጌም ጊር 150፣ ሊንክስ 180፣ የኤንኢሲ መሣሪያ 250 ዶላር ያህል ያስከፍሉ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ትናንሽ የባትሪ ድንጋዮች ከ10 ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ጌም ጊርና ሊንክስ ግን ስድስት ድንጋይ ይዘው ከአራትና አምስት ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆዩም ነበር። ይህን በኪስ ሒሳብ ብንመለከተው፣ በሳምንት 10 ሰዓት የሚጫወት ልጅ ለጌም ቦይ አራት ድንጋይ ሲበቃው፣ ለባለ ቀለሙ መሣሪያ 15 ያህል ሊያስፈልገው ነው። የመሣሪያው ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የድንጋዩ ዋጋ ግን በየሳምንቱ ከወላጅ ኪስ ይወጣል። በመንገድ ላይ ድንጋዩ ያለቀበት ባለ ቀለም ስክሪን ደግሞ ጥቁር መስታወት ብቻ ነው። ዮኮይ ተወዳዳሪዎቻቸው ባለ ቀለም መሣሪያ እንዳወጡ በሰሙ ጊዜ ከመደንገጥ ይልቅ የተረጋጉት፣ ቀለሙ የሚበላውን ኀይል አስቀድመው አስልተው ስለ ነበር ነው።

የመሣሪያው ጥንካሬም ለዝናው ረድቷል። በ1990–91 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ በእሳት ሽፋኑ የቀለጠ አንድ ጌም ቦይ እየሠራ በኒው ዮርክ የኩባንያው መደብር ለብዙ ዓመታት ለሕዝብ ታይቷል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጨዋታው ባይገኝ መሣሪያው ከንቱ በሆነ ነበር። አሌክሲ ፓጂትኖቭ በ1984 በሞስኮ የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ውስጥ የፈጠሩት ቴትሪስ፣ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ ለማውጣት የሚያስፈልገውን መብት ሄንክ ሮጀርስ በ1989 ወደ ሞስኮ ሄደው ስላስገኙ፣ በአሜሪካ ከጌም ቦይ ጋር አብሮ ተሸጠ። የሁለቱ መጣጣም በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ያስደንቃል። የቴትሪስ ቁራጮች የሚለዩት በቅርጻቸው ስለሆነ ቀለም አይጠይቁም፤ ከበስተጀርባቸው የሚሮጥ ሥዕል ስለሌለ ዘገምተኛው ስክሪን እንቅስቃሴውን አያደበዝዘውም፤ አንዱ ዙር በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ አውቶቡስ እስኪመጣ ሊጫወቱት ይቻላል። የመሣሪያው ድካም ሁሉ በዚህ ጨዋታ ላይ ተሸፈነ፤ ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አዋቂዎችም ገዙት።

ከዚህ በተጨማሪ ሁለት መሣሪያዎችን የሚያገናኝ ገመድ ተዘጋጅቶለት ነበር። ለብዙ ዓመታት ይህ ገመድ የሚገባውን ያህል አልተሠራበትም። በ1996 ግን ፖኬሞን የተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች የያዟቸውን ፍጥረታት በገመዱ እንዲለዋወጡ በማድረግ፣ ሰባት ዓመት የሞላውን መሣሪያ እንደ አዲስ አስነሣው። ከዚያ በኋላ ጓደኛው መሣሪያውን የገዛ ልጅ እርሱም መግዛት ግድ ሆነበት። ጌም ቦይ በ1998 ከተከተለው ባለ ቀለም ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ጌም ጊር ግን ከ11 ሚሊዮን በታች ቀርቷል።

ውድቀቱና ትምህርቱ

የዮኮይን ሕይወት በዚህ ላይ ብናቆም ርካሽ ክፍል የመረጠ ሁሉ ያሸንፋል የሚል የተሳሳተ ትምህርት ይዘን እንቀር ነበር። በ1995 የወጣው ቨርቹዋል ቦይ ይህን ያርማል። መሣሪያው ለእያንዳንዱ ዓይን 224 ቀይ ብርሃን ሰጪ ዳዮዶችን በአንድ መስመር ደርድሮ፣ በሚወዛወዝ መስታወት አማካይነት ጥልቀት ያለው ምስል ያሳይ ነበር። ቀዩ ቀለም የተመረጠው ርካሽና ኀይል ቆጣቢ ስለ ነበር ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጠው ዳዮድ በዚያን ጊዜ ገና ብርቅና ውድ ነበር። እንግዲህ እዚህም ላይ ዮኮይ የቀድሞውን መመሪያቸውን አልተዉም።

ሆኖም መሣሪያው በእግሮች ላይ ተተክሎ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ ተጫዋቹ አጎንብሶ ፊቱን በመሣሪያው ላይ መደገፍ ነበረበት። በባቡርም ሆነ በመንገድ ሊይዙት አይቻልም፤ በቤትም ከቴሌቪዥን ጋር እንደሚያያዘው መሣሪያ ሌሎች ተሰብስበው አያዩትም። በመደብር የቆመ ገዥ በማስታወቂያ ሥዕል ላይ ጥልቀቱን ሊያይ ስለማይችል ምን እንደሚገዛ አይገባውም ነበር። ብዙዎችም ዓይናቸውንና ራሳቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ። 770,000 ያህል ብቻ ተሽጦ ምርቱ ባጭር ጊዜ ቆመ።

በዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በጌም ኤንድ ዎች ሥራ ላይ መነሻው በባቡር የተሰላቸው ሰው ነበር፤ ክፍሉ የተፈለገው ከዚያ በኋላ ነው። በቨርቹዋል ቦይ ግን መነሻው ከአንድ የአሜሪካ ኩባንያ የተገኘው አስገራሚ የማሳያ ቴክኒክ ሲሆን፣ የሚጫወትበት ሰውና ቦታ የተፈለጉት በኋላ ነው። ርካሹ ክፍል በሁለቱም ላይ አለ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል።

በ1996 ጌም ቦይን አሳንሰውና ስክሪኑን አሻሽለው ጌም ቦይ ፖኬት በሚል ስም ካወጡ በኋላ፣ ዮኮይ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቁ። ብዙዎች ምክንያቱን የቨርቹዋል ቦይ ውድቀት ቢያደርጉትም፣ እርሳቸው ግን አስቀድመው ያሰቡት መሆኑን አስረድተዋል። ወዲያውም በኪዮቶ ኮቶ የተባለ የራሳቸውን አነስተኛ ድርጅት አቋቁመው፣ ከባንዳይ ኩባንያ ጋር አዲስ የእጅ ጨዋታ መሣሪያ መንደፍ ጀመሩ።

ይህን ሥራ ለፍጻሜ አላደረሱትም። ኦክቶበር 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ ግዛት በሆኩሪኩ ፈጣን መንገድ ላይ ይጓዙበት የነበረው መኪና ቀላል ግጭት ስለ ደረሰበት፣ ጉዳቱን ለማየት ከወረዱ በኋላ በሌላ መኪና ተገጭተው በ56 ዓመታቸው ዐረፉ።

መሣሪያው ወንደርስዋን ተብሎ በማርች 1999 ወጣ። ዋጋው 4,800 የን ብቻ ሲሆን፣ በአንድ የባትሪ ድንጋይ 30 ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር፤ በአግድምም በቁመትም ሊያዝ ይቻላል። ከጨዋታዎቹም አንዱ ለመታሰቢያቸው ጉንፔይ ተባለ። በንድፍ በኩል ዮኮይ ያስተማሩት ሁሉ ተሟልቶበታል። ይሁን እንጂ ጌም ቦይን ሊያሸንፍ አልቻለም፤ ከጃፓን ውጭም እምብዛም ሳይታወቅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ። ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ጌም ቦይ የዐሥር ዓመት የጨዋታ ክምችትና በየትምህርት ቤቱ በገመድ የሚገናኙ ሚሊዮን ልጆች ነበሩት። የተሻለ ዋጋና የተሻለ የኀይል ቁጠባ አዲስ ገበያ ሊከፍት ይችላል፤ ሰዎች አንድ ላይ የሰፈሩበትን ገበያ ለማስለቀቅ ግን ብቻውን አይበቃም።

ለሙያ ባልደረቦቻችን የዮኮይ ሕይወት የሚተወው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለአንድ ሥራ የሚያስፈልጉትን መግለጫዎች ስናዘጋጅ በመጀመሪያው መስመር ላይ የምንጽፈው ምንድን ነው? የክፍሉን ፍጥነትና ኀይል ብቻ ከጻፍን፣ ዕቃውን የሚይዘው እጅ፣ የሚገለገሉበት ቦታ፣ ድንጋዩ ሲያልቅ የሚከፍለው ሰው፣ ዕቃው ሲወድቅ የሚደርስበት ነገር ሁሉ ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራሉ። ዮኮይ እነዚህን ከፊት ባስቀደሙበት ጊዜ ተራ ከሆኑ ክፍሎች ለመቶ ሚሊዮን ሰዎች የሚበቃ ዕቃ ሠሩ። እነዚህ ከኋላ በተከተሉበት ጊዜ ግን የዚያው ሰው ልምድና ብልኀት ሊያድናቸው አልቻለም። የካርታ መኪና ይጠግኑ የነበሩት መሐንዲስ በድላቸውም በውድቀታቸውም የተዉልን ትምህርት ይህ ነው፤ በየሥራችን ልንጠቀምበት የሚገባ ነው።